ከግሸን አምባ እስከ ኳርክ፦ ስሞች ከየት እንደሚመጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከተማሪዎቼና ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር የስም ምንጭ እናሳድዳለን። የተክል ስም፣ የቦታ ስም፣ የሳይንስ ቃል፣ የመጣልንን ሁሉ። ሰው ሲሰማ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ከዚያ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥነ ጽሑፍ፣ የፊዚክስ ቅንጣትና የዕፅዋት ስም ምን አገናኛቸው?

ሰው ነው የሚያገናኛቸው። አንድ ሰው አንድ ቃል ያነባል ወይም ይሰማል። ቃሉ ውስጡ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ስም ያልወጣለት ነገር ሲገጥመው ያ ቃል ብቅ ይላል። የገጠመው ነገር ዛፍ ሊሆን ይችላል። የግጥም ስንኝ ሊሆን ይችላል። በዓይን የማይታይ ቅንጣትም ሊሆን ይችላል። የእኛ ሥራ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ነው።

ሦስቱም ዘንድ የምንጠይቀው አንድ ነው። የትኛው ቀደመ? ኋለኛው ፊተኛውን የት አገኘው? መመሳሰሉስ እንዲያው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ወይ? እነዚህን ካልመለስን «ከዚያ መጣ» አንልም። «ይመስላል» ብለን እናቆየዋለን። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ስንቱን የሚጣፍጥ ወሬ እንዳስጣለን እኛ ነን የምናውቀው።

ኳርክ የሚለው ስም እውነት ከልብ ወለድ ነው የመጣው?

አዎ፣ ግን በተለምዶ እንደሚነገረው አይደለም። እኔም ክፍል ውስጥ ለዓመታት አሳጥሬ ሳስተምረው ቆይቼ ኋላ ነው ያረምኩት።

በ1964 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ መሬይ ጌል-ማን ፕሮቶንና ኒውትሮን ከሌሎች፣ ከእነሱ ካነሱ ነገሮች የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። እነዚያን ትንንሾች ኳርክ አላቸው። ማጣቀሻዎቹን ስታዩ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። የፊዚክስ ጽሑፍ አይደለም። የአየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ በ1939 የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ «ፊኔጋንስ ዌክ»። እዚያ ውስጥ የባሕር ወፎች ማርክ የተባለውን ንጉሥ ሲያላግጡበት «ሦስት ኳርክ» የሚል ስንኝ አለ።

እስከዚህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው። ጌል-ማን ቃሉን ከመጽሐፉ አላነሳውም። መጀመሪያ የነበረው ድምፅ ነው። «ክዎርክ» የሚል፣ ገና ፊደል ያልለበሰ ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ነው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ስንኙን ያገኘው። ቅንጣቶቹ ያኔ ሦስት ነበሩ። ስንኙም ሦስት ይላል። ገጠመለት። ይህን በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ተርኮታል።

አንድ ነገር ግን አልተመቸውም። ጆይስ ቃሉን ከ«ማርክ» ጋር ቤት እንዲመታ አድርጎ ነው የጻፈው። ስለዚህ መነበብ ያለበት «ኳርክ» ተብሎ ነው። ጌል-ማን ደግሞ «ክዎርክ»ን አለቅም አለ። ምክንያት ፈለገ። የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ መጠጥ ቤት አለው፤ ስለዚህ ቃሉ «ክዎርት» የሚባለውን የመጠጥ መለኪያም ያስታውሳል ብሎ ተከራከረ። እኛ በአማርኛ ኳርክ ብለን ስንጽፍ ሳናውቀው ከጆይስ ጋር ወግነናል።

በዚያው ዓመት ጆርጅ ዝዋይግ ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ «ኤስ» አላቸው፣ ከካርታ ጨዋታ። ያ ስም አልጸናም። ዛሬ የሚታወቁት የኳርክ ዓይነቶች ስድስት ናቸው፤ የመጨረሻው የተገኘው በ1995 ነው። ሦስት የሚለው ምክንያት አለፈበት። ስሙ ግን ቀረ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ተክሎቹ ጋ ስንደርስ ደግመን እናገኘዋለን።

ግሸን በእንግሊዝ ግጥም ውስጥ አለች የሚባለውስ?

ይህ ጥያቄ የሚበዛው በመስከረም ነው። ምእመናን ለመስከረም 21 ንግሥ ደሴን አቋርጠው ወደ አምባሰል ሲያልፉ።

አለች፣ በሌላ ስም። አምባው በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት ነበር። በ1520ዎቹ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚያ ተራራ ጻፈ። መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖረ። በተላለፈ ቁጥር አምባው እየለመለመ ሄደ። ቤተ መንግሥት ተጨመረለት። የአትክልት ስፍራ ተጨመረለት። በመጨረሻ ገነት ሆኖ አረፈው።

በ1667 ጆን ሚልተን ስለ ገነት መጥፋት በጻፈው ታላቅ ግጥም አራተኛ ክፍል ላይ «የአማራ ተራራ» ብሎ ይጠራዋል። የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት፣ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው የሚሉት ተራራ። በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ»ን ጻፈ። ልዑሉ ተዘግቶበት የሚኖረው ሸለቆ ያለው በአማራ ግዛት ነው ይላል። የዚያን ዘመን አማራ የሚባለው ምድር ደግሞ ዛሬ ወሎ ከምንለው ውስጥ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ግን በወጣትነቱ፣ በ1735፣ የሚስዮናዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ አሳትሟል። መንገዱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሲራክ ኅሩይ ኋላ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ መለሱት። ከአምባሰል የወጣ ወሬ ሊዝበንን ለንደንን ዞሮ በአማርኛ ቤቱ ገባ።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የኮልሪጅ ነው። «ኩብላ ካን» የሚለው ግጥሙ በ1816 ነው የታተመው። እዚያ ላይ አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ የክር መሣሪያዋን እየመታች ስለ «አቦራ ተራራ» ትዘፍናለች። አቦራ የሚባል ተራራ የት አለ? ብዙ ሰው ፈለገው። በ1927 ጆን ሊቪንግስተን ሎውስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ኮልሪጅ ያነበባቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ተከትሎ ዳጎስ ያለ ጥናት አወጣ። ከመጻሕፍቱ አንዱ የስኮትላንዳዊው የጄምስ ብሩስ የኢትዮጵያ ጉዞ ነበር። ከሎውስ ጥናት ጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ኮልሪጅ በእጁ የጻፈው ቅጂ ታወቀ። እዚያ ላይ «አቦራ» አይልም። መጀመሪያ «አሞራ» ብሏል። ከዚያ አርሞ «አማራ» አድርጎታል።

ለእኛ ጆሮ አሞራና አማራ ሰማይና ምድር ናቸው። ለእሱ ግን ከመጽሐፍ የለቀመው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እንደ ጌል-ማን «ክዎርክ»። ፊደሉን እየለዋወጠ ጆሮው ላይ ይሞክረዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዲት ፊደል ተሰርዛ ሌላ ስትገባ ሰው ሲያስብ እናየዋለንና።

ታዲያ ኮልሪጅ ስለ ግሸን ጻፈ ማለት እንችላለን?

አንችልም። ቃሉ በመጻሕፍት በኩል ደረሰው ማለት ነው የምንችለው። በግጥሙ ያለው ተራራ የራሱ ነው። ፌስቡክ ላይ «እንግሊዛዊው ባለቅኔ ስለ ግሸን ማርያም ተቀኘ» ብላችሁ እንዳትለጥፉ አደራ።

ብሩስ ጉዞ ጸሐፊ ነው። ከተክል ስም ጋር ምን አገናኘው?

እዚህ ጋ ነው ሁለቱ መንገዶች የሚገጥሙት። ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገባ። በ1770 ጎንደር ደረሰ። መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ወጣ። አምስተኛው ቅጽ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ነው። ኮሶ አለበት። እንሰት፣ ጤፍ፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ፣ ቀንጠፋ፣ ዋጊኖስ አሉበት። የሰማውን እንደሰማው በራሱ ፊደል አስፍሮታል። ስለዚህ ከአንዱ ሰውዬ መጽሐፍ ባለቅኔውም ተክል ተመራማሪውም ቀድተዋል።

ስለ ቀንጠፋ የጻፈውን ሁልጊዜ እናገራለሁ። ንጉሡ ሠራዊቱን ይዞ ከመንቀሳቀሱ በፊት አዋጅ ይነገር ነበር ይላል፤ በአራቱም ማዕዘን ቀንጠፋውን ቁረጡ፣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅምና የሚል። ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሄደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የቀንጠፋ እሾህ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ነጠላ ከያዘ አይለቅም። ወደ ፊት በሳባችሁት ቁጥር ይብስበታል። ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ መለስ ብሎ፣ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ለመቶ ሰው ሠራዊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ኮሶ የእኛ ሆኖ ለምን «ሀጌኒያ» ተባለ?

ብሩስ ኮሶን ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ» ብሎት ነበር። ግን ያ ስም ከ1782 ጀምሮ በአውስትራሊያ ተክሎች ተይዟል። በሳይንሳዊ አሰያየም አንድ ስም ለሁለት የተክል ወገን አይሰጥም። ስለዚህ ጀርመናዊው ግሜሊን ስሙን ለውጦ ሀጌኒያ አለው። ሀገን የኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚና የዕፅዋት አዋቂ ነበር።

ዋጊኖስም እንዲሁ ነው። ብሩስ በመንገድ ላይ ተቅማጥ ይዞት ክፉኛ ታመመ። የዳነው በዋጊኖስ ነው። ዛሬ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም «ብሩሲያ አንቲዲሰንቴሪካ» ነው። የታመመው ሰው ስም አለበት። የበሽታውም ስም አለበት። መድኃኒቱን ያሳየው የአገር ሰው ግን ስሙ የለም። ይህ ያንገበግበኛል። የእኛን ማስታወሻ ስንይዝ «ማን ነገረን» የሚለውን መጀመሪያ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

(ስለ መድኃኒት የምጽፈው ስሙን ለመከተል እንጂ ጠጡ ለማለት አይደለም። ኮሶም ዋጊኖስም ኃይለኛ ናቸው።)

የአማርኛ ስም በሳይንሳዊው ስም ውስጥ አይገባም ማለት ነው?

ይገባል እንጂ። ጤፍ ዓለም ሁሉ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ነው የሚለው። ጣሊያናዊው ዙካኒ በ1775 ሲሰይመው ጤፍ የሚለውን እንዳለ ተወው። በ1918 ትሮተር ወደ አሁኑ ወገን ሲያዛውረውም አልነካውም። እንሰትም «እንሴቴ» ሆኖ ዘልቋል። ኑግ ግን የፈረንሳዊውን ፖለቲከኛና ታሪክ ጸሐፊ የጊዞን ስም ነው የተሸከመው፤ «ጊዞቲያ»።

ዋንዛ በአንድ መጽሐፍ «ኮርዲያ አቢሲኒካ»፣ በሌላው «ኮርዲያ አፍሪካና» ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

አፍሪካና። ደንቡ ቀላል ነው፤ የቀደመ ስም ይጸናል። አፍሪካና በ1792 ወጥቷል። አቢሲኒካ በ1814 ነው የመጣው። ሁለቱ አንድ ተክል መሆናቸው ሲታወቅ ኋለኛው ወደቀ። የድሮ መጽሐፍ ስታነቡ ግን አቢሲኒካን ካላወቃችሁ ዋንዛችሁ ይጠፋባችኋል።

በለስ ነው ቁልቋል የሚባለው?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ።

ክረምት ላይ ደሴ መንገድ ዳር ልጆች በባልዲ ይዘውት ይቆማሉ። በቢላ ሁለቱን ጫፍ ቆረጥ፣ ጎኑን በቁመት ሰንጠቅ፣ ልጣጩን ገልበጥ፤ ፍሬው ብቻ ይቀርባል። እጃችሁ እሾህ ሳይነካው ትበሉታላችሁ። አንዱ በለስ ይለዋል፣ ሌላው ቁልቋል። ሁለቱም ስም ከሌላ ተክል የተወሰደ ነው።

በለስ በግዕዝ ሌላ ዛፍ ነው። አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው የለበሱት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው ዛፍ። ባለ እሾሁ ደግሞ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በጥንት ጽሑፍ በለስ ካያችሁ ይህ የምትልጡት አይደለም። ፍሬው ጣፋጭ፣ ውስጡ በጥቃቅን ዘር የተሞላ ስለሆነ አንዱ ከበለስ ጋር አመሳሰለው። ፈረንጆቹም እንዲሁ አደረጉ። ሳይንሳዊው ስም «ኦፑንሺያ ፊከስ-ኢንዲካ» ነው፤ የሕንድ በለስ ማለት ነው። በለስም አይደለም፣ የሕንድም አይደለም። አሜሪካን ሕንድ ያሉ ሰዎች ስሕተት እስከ ዛሬ ደሴ መንገድ ዳር ይሸጣል። ዓረቦቹም የእሾህ በለስ ይሉታል። ማን ከማን ወሰደ? እዚህ ጋ መመሳሰሉ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ፍሬው ራሱ ለሁሉም ያንኑ ስም ሊያቀብል ይችላልና። «ይመስላል» ውስጥ ነው ያስቀመጥነው።

ቁልቋል ደግሞ መጀመሪያ የአገራችን ትልቁ ዛፍ ነው። እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ወደ ላይ የሚዘረጋው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው። ብሩስ የጻፈው እሱን ነው። እሾሃሙ እንግዳ ሲመጣ መልኩ ስለተቀራረበ ስሙን ተጋራው።

በዚህ ተሳስተን እናውቃለን። አንድ ተማሪዬ ከሁለት ሰው የሰማውን በአንድ ካርድ ላይ ጻፈው። «ቁልቋል፤ ፍሬው ይበላል፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።» እኔም አይቼ አሳለፍኩት። ሁለት ተክል ነበር። የአንዱ ፍሬ ሲሳይ ነው፣ የሌላው ወተት እውነትም ዓይን ይጎዳል። ልጅ አንብቦ ቢያመሳስላቸውስ? ከዚያ ቀን ወዲህ ተክሉን በዓይናችን ሳናይ ስም አንመዘግብም።

ባሕር ዛፍ ከባሕር ነው እንዴ የመጣው?

ከባሕር ማዶ ነው፤ ከአውስትራሊያ። በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ገባ። ያየው ሰው አገሩን አላወቀም፣ የመጣበትን አቅጣጫ ግን አወቀ። ትግርኛም በቆሎን «ማሸላ ባሕሪ» ይለዋል፤ ያው ነው።

እንግዲህ ኳርክ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ይኸው። ስም ብዙ ጊዜ ነገሩ የተወለደበትን አይነግረንም። ሰያሚው ጋ የገባበትን በር ነው የሚነግረን። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 ቡናን «አረቢካ» አለው፤ አውሮፓ የደረሰው በዓረቦች በኩል ነበርና። እናቱ ኢትዮጵያ መሆኗን ስሙ አያውቅም። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ ደግሞ ባሕር ዛፍን አሳየዋለሁ። እኛም ስንሰይም በሩን ነው ያየነው።

የባሕር ዛፍ ሳይንሳዊ ስም «ዩካሊፕተስ» ነው። ግሪክኛ ነው፤ ደህና የተከደነ ማለት። እምቡጡን ብታዩት ቆብ አለው። አበባው ሲፈነዳ ቆቡ ይወድቃል። ዛፉ ሥር ጎንበስ ብትሉ ቆቦቹን ትለቅማላችሁ። ይህን ስም በ1788 ያወጣው ፈረንሳዊው ሌሪቲየ ነው። የሚገርመው እንዶድንም የሰየመው እሱ ነው።

እንዶድን ካነሳን አይቀር፦ በ1964፣ ጌል-ማን ኳርክን በሰየመበት ዓመት፣ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከሚያጥቡበት በታች ውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያች ምልከታ ትልቅ ምርምር ተነሳ። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙበት።

ኤሌክትሮንስ?

ግሪክኛ ነው፤ አምበር ማለት ነው። ባቲ ገበያ የምታዩት ቢጫ ዶቃ። በሱፍ ስታሹት ገለባ ይስባል። ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል ከዚያ ወጣ፣ ከኤሌክትሪክ ደግሞ በ1891 ኤሌክትሮን።

ጤፍ የተባለው ከእጅ ሲወድቅ ስለሚጠፋ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ድምፁ ይቀራረባል፤ ሌላ ማስረጃ የለውም። እንዲህ ዓይነት አፈታት ደስ ስለሚል ብቻ ይሰራጫል። ትልልቅ ሰዎችም ይወድቁበታል። ብሩስ ራሱ ቋራ የሚባለውን ዛፍ አየ። ፍሬው ወርቅ ይመዘንበታል ሲባል ሰማ። ወዲያው «ካራት» የሚለው የወርቅ መለኪያ ከቋራ ነው ብሎ ጻፈ። አይደለም። ካራት ከግሪክኛ በዓረብኛ በኩል አውሮፓ የገባ ቃል ነው፤ የሌላ ዛፍ ፍሬ ስም። ቋራና ካራት ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ከፍሬና ከወርቅ ጋር ይነካካሉ። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ የለም።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ያዝናሉ። የእኛ ቢሆን ደስ ይለን ነበር። እኔንም ይለኝ ነበር።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ከጓሮ። ጤና አዳም የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ዳማከሴም አይጠፋም። ከዚያ ሰኞ ገበያ ውጡ። አደስ፣ ጠጅ ሳር፣ ጌሾ የሚሸጡ እናቶች ጋ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ ግዙ፤ ከዚያ ጠይቁ። ገበያ በሞቀበት ሰዓት የሰው ሥራ አትያዙ።

አንዲት እናት «እማማ፣ ይቺ ማን ትባላለች?» ስላቸው «ጤና አዳም ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ከማን ሰሙ?» አልኳቸው። ሳቁ። «ከእናቴ ነዋ! እሷም ከእናቷ፤ አልብኮ ነው የተወለዱት» አሉ። ጻፍኩት። ሦስት ትውልድና አንድ ቦታ። ከጌል-ማን ማጣቀሻ በምን ያንሳል?

ተክል ስትሰበስቡ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ምረጡ። በጋዜጣ መሐል ዘርጉት፣ በሁለት ጣውላ አጥብቁት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ይሻግታል። የአበባውን ቀለም እዚያው ጻፉ፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የነገራችሁ ሰው። ከፍታው እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ታክሲው መስኮት አጠገብ ተቀመጡና ዛፉ ሲለወጥ እዩት። ከተቻለ የጎፍ ደን ጥድና ወይራ መሐል አንድ ጠዋት አሳልፉ። እዚያ ግን ያለ ፈቃድ አትቁረጡ፤ ፎቶ ይበቃል።

ስሙን ለማረጋገጥ ስምንት ቅጽ ያለውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለውን የዕፅዋት መጽሐፍ እዩ። በ2009 ነው የተጠናቀቀው። የአገር ቤት ስሞችም አሉበት። የደረቁ ናሙናዎች ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ ተቀምጠዋል።

ባለ መድኃኒቶች ስም አይነግሩኝም። ምን ላድርግ?

ምንም። አትወትውቱ። እውቀቱ የእነሱ ነው፣ አንዳንዴም እንጀራቸው ነው። ከነገሯችሁም ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። ዋጊኖስን አስታውሱ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል?

ይሆናል፣ ጠባብ ካደረጋችሁት። «የወሎ ተክሎች ስም» አይሆንም፤ አያልቅም። «ባሕር» የሚል ቃል ያለባቸው የተክል ስሞች ይሆናል። ወይም አንድ ተክል፣ አምስት ቀበሌ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የአማርኛ፣ የባዮሎጂና የፊዚክስ ተማሪ አብረው ቢሠሩት ደስታውን አልችለውም።

ደሴ የሚለው ስምስ?

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁ፣ ቦታውንም ደሴ አሉት፣ ደስታዬ ለማለት ነው ይባላል። ከዚያ በፊት አካባቢው ላኮመልዛ ይባል ነበር ይላሉ።

በሦስቱ ጥያቄዎች እንየው። ኮከቡ እውነት ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የታየው ጅራታም ኮከብ በቀን ብርሃን እንኳ ይታይ የነበረ ነው፤ የዓለም የሥነ ፈለክ ሰዎች መዝግበውታል። ዘመኑ ይገጥማል። ታሪኩን የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ዓመት በፊት ቦታውን ደሴ ብሎ የሚጠራ ጽሑፍ።

የመሬት ውል ሊሆን ይችላል። የመጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተጻፈ የስጦታ ቃል ሊሆን ይችላል። መስጊድ ያለ የቆየ የዓረብኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል። አያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አትስጡን፣ ከቤት አታውጡት። ቀኑ የተጻፈበትን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ቅዳሜ ይዛችሁልን ኑ።